ለደጋ ጉዞ የሚሆን የሱፍ ብርድ ልብስ እንዴት ይመረጣል?

ገበያ ገብቶ ብርድ ልብስ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። እጁን ሰድዶ ይዳብሳል። ከለሰለሰው «ይሄ ይሞቃል» ይላል። ነጋዴውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለዚህ ነው ለስላሳ ለስላሳውን ከፊት የሚደረድረው። ግን ልስላሴና ሙቀት ለየቅል ናቸው። ያ ትልቅ ነብር ወይም ጽጌረዳ የታተመበት፣ የሚያብረቀርቀው ብርድ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ በር ተዘግቶ ምንም አይወጣለትም። ሰሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ውስጥ ወይም ለገና ላሊበላ ሄዳችሁ ደጅ ስታድሩ ግን ጉዱ ይወጣል።

የሚያሞቀው ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። የበግ ጠጉር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ነው። ጠጉሮቹ ተኝተው አይጣበቁም፤ እየተገፋፉ በመካከላቸው አየር ይይዛሉ። በዚያ ላይ ከላባችሁና ከትንፋሻችሁ የሚወጣውን እንፋሎት ወደ ውስጡ ይስባል። ከራሱ ክብደት 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነኩት ርጥብ አይመስልም። ፖሊስተር ይህን አያደርግም፤ እንፋሎቱ ላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ጥጥ ደግሞ ውሃውን ይጠጣና ሰውነት ላይ ይለጠፋል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው፦ አየሩን የሚይዝ፣ ሲጫኑት የማይሞት፣ እርጥበት የማያሸንፈው ብርድ ልብስ ፍለጋ።

1. መጀመሪያ የት እንደምታድሩ ለዩ

ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባን 2,400 ሜትር ላይ ናት እንበል። ሰሜን ተራሮች ላይ ካሉት የድንኳን ሰፈሮች ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ነው፤ ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ። መንዝ ውስጥ የጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ባሌ ላይ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እንግዲህ በኅዳር ሌሊት አዲስ አበባ ላይ የሚሰማችሁን ብርድ አስቡና ለጨነቅ 7 ዲግሪ ያህል፣ ለሳነቴ 10 ዲግሪ ያህል ቀንሱለት። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሪቱ ቀን የያዘችው ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ያመልጣል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ክረምት ላይ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ ግን ጭጋጉና ዝናቡ አሉ።

ከቁጥሩ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ነፋስ ያገኛችኋል ወይስ አያገኛችሁም?

ድንኳን ወይም ሎጅ ውስጥ ከሆናችሁ ነፋሱ በግድግዳ ተይዞላችኋል። የምትፈልጉት ላላ ብሎ የተሸመነ፣ ጠጉሩ የቆመ፣ ብዙ አየር የሚይዝ ብርድ ልብስ ነው። ደጅ የምታድሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለንግሥ ሄዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ላላ ያለው አይሆንም። ነፋሱ ሰንጥቆት ያልፍና የሞቀውን አየር ይዞት ይሄዳል። እዚያ የሚያዋጣው ጠበቅ ያለው፣ ከተሸመነ በኋላ ታሽቶ የተጠቀጠቀው፣ ሲነኩት ደረቅ የሚለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ለድንኳን የሚሆነውን ለደጅ ይገዛና «ሱፍም አላሞቀኝም» ይላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይሸከመዋል የሚለው ነው። መኪና ውስጥ ከሆነ ክብደት አያስጨንቃችሁም። ሰሜን ተራሮች ላይ እንደተለመደው በቅሎ ከተከራያችሁም እንደዚያው። በራሳችሁ ጀርባ ከሆነ ግን እቅጩን ልንገራችሁ፦ ከዜሮ በታች ለሚወርድ ሌሊት ብቻውን የሚበቃ የሱፍ ብርድ ልብስ ለጀርባ ከባድ ነው። የመኝታ ከረጢት ያዙና ቀጠን ያለ የሱፍ ብርድ ልብስ ደርቡበት። ሱፉ ቀን ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ማታ እሳት ዳር ይለበሳል። የእሳት ፍንጣሪ ቢያርፍበትም እንደ ናይሎን ቶሎ ቀልጦ አይበሳም። ምግብ የሚበስለው በእንጨት በሆነበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

2. ሱፍ መሆኑን አረጋግጡ

«ኦርጅናል ሱፍ ነው!» የማይል ነጋዴ የለም። ስለዚህ እጃችሁና አፍንጫችሁ ይፍረዱ።

ከዳር ላይ አንድ ክር ምዘዙ። ባለቤቱን አስፈቅዱ እንጂ! በወረንጦ ያዙትና ክብሪት ወይም ላይተር አቅርቡለት። ሱፍ ከሆነ እየተኮማተረ በዝግታ ይቃጠላል። ከእሳቱ ስታርቁት ብዙም ሳይቆይ ራሱ ይጠፋል። የሚሸተው የተቃጠለ ፀጉር ነው። የቀረው ጥቁር እብጠት በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል። የላስቲክ ሽታ አለው። መጨረሻ ላይ የማይፈረፈር ጠንካራ እንክብል ይተዋል። ጥጥ እንደ ወረቀት ቦግ ይላል፤ ከእሳቱ ብታርቁትም ነዶ ያልቃል፤ አመዱ ግራጫና ብን የሚል ነው። ፀጉር ፀጉር እየሸተተ ጠንካራ እንክብል ከቀረ ድብልቅ ነው።

አንድ ክር ብቻ ማቃጠል ግን ግማሽ ፈተና ነው። ከድሩም (በርዝመት ከተወጠረው ክር) ከማጉም (በወርድ ከሚያልፈው) ምዘዙ። ብዙ ብርድ ልብስ ማጉ ሱፍ፣ ድሩ ግን ጥጥ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ነው። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። የጥጥ ድር ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለው ብርድ ልብስ ለመኪናና ለቤት ጥሩ ነው። በሙሉ ሱፍ ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው ችግሩ። ሌላም ልብ በሉ፦ የፍየል ጠጉርም ሲቃጠል እንደ በግ ጠጉር ይሸታል። የሚለየው በዓይን ነው። የፍየል ጠጉር ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅና ወፍራም ነው፤ የበጉ ጥምዝምዝ ይላል።

ክብሪት መጫር ካልተፈቀደላችሁ ጥግ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ያልተነከረና ያልታጠበ ሱፍ ላይ ውሃው ለአፍታ እንደ ዶቃ ቁጭ ይላል፤ ጥጥ ወዲያው ይመጠዋል። ሰው ሠራሹም ውሃውን ሊያቆመው ስለሚችል ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እርጥቡን ቦታ በጣት እሹና አሽትቱት። የበግ ሽታ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው።

3. ጠጉሩን መርምሩ

ሱፍ ከሆነ ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት።

ብርድ ልብሱን አራት አጥፋችሁ መሬት ላይ አድርጉትና በጉልበታችሁ ተጫኑት። አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ ከዚያ ተነሱ። ጥሩ ሱፍ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ጉልበታችሁ የት እንደነበረ አታውቁትም። ርካሹ እንደተኛ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ የተኛ፣ ድንኳን ውስጥ ከሦስት ሌሊት በኋላ ጨርቅ ብቻ ነው።

ቀጥሎ በደረቅ መዳፍ ደጋግማችሁ ጥረጉት። ጥቂት ብናኝ መውጣቱ ያለ ነው። እፍኝ የሚሞላ አጭር አጭር ጠጉር ከመጣ ግን ክሩ የተፈተለው ካሮጌ ልብስ ተፈጭቶ ከተገኘ ሱፍ ሊሆን ይችላል። ግራጫ ሆኖ ሲጠጉት ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ የሚታይበት ብርድ ልብስ ከዚህ ወገን ነው። የሕንዷ ፓኒፓት ከተማ በዚህ ዓይነት ምርት በዓለም ትታወቃለች፤ በእርዳታ ጊዜ ለተፈናቃይ የሚታደለው ግራጫ ብርድ ልብስ ለረጅም ጊዜ ብዙው የመጣው ከዚያ ነው። አልናቅም፤ ከሥር ለማንጠፍ ከእሱ የሚሻል የለም። ከላይ ለመልበስ ግን ቶሎ ይሳሳል።

የሚኮሰኩስ ነገር ሁሉ «አለርጂ» አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚኮሰኩሰው ጠጉሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። ከ30 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በላይ የሆነ ጠጉር ጫፉ ቆዳን ይወጋል። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዘር ጠጉር ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ አንገት ላይ እንኳ አይሰማም፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ለጉዞ ብዬ ሜሪኖ ብርድ ልብስ አልገዛም። እሳት ዳር ለሚወድቅ፣ በቅሎ ላይ በገመድ ለሚታሰር ዕቃ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል። ሸካራውን ግዙና ከሥር ነጠላ ወይም አንሶላ ልበሱ። ኩስኮሳው ይጠፋል፤ ብርድ ልብሱም ላብ ስለማይነካው ቶሎ አይቆሽሽም።

4. ሽመናውን በብርሃንና በትንፋሽ ፈትኑ

ወደ ፀሐይ አንሱት። እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ ለደጅ አይሆንም። ቀጥሎ አፋችሁን ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉ፤ ከጀርባው በኩል ሌላ እጃችሁን ያዙ። ትንፋሹ ትኩስ ሆኖ ጥርት ብሎ ከመጣ ላላ ነው። ለስለስ ብሎ፣ ታግሎ ከመጣ መካከለኛ ነው፤ ለአብዛኛው ጉዞ የምመርጠው ይህን ነው። ምንም ካልመጣ የተጠቀጠቀ ነው፤ ለነፋስ ጥሩ ነው፤ ግን ክብደቱን እዩት።

ጠርዙንም አትርሱ። ብርድ ልብስ መፈታት የሚጀምረው ከዳር ነው። በወፍራም ክር ዙሪያውን ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ ወይም ዘርፉ ጠበቅ ተደርጎ የተቋጠረ ይሁን። የሚያብረቀርቅ የሳቲን ጠርዝ ለአልጋ ያምራል፤ ለጉዞ ቶሎ ይበጣጠሳል።

5. ክብደቱን በስፋቱ አካፍሉ

«ወፍራም ነው» ማለት ምንም አይነግራችሁም። ሚዛንና ሜትር ይነግሯችኋል። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፤ ክብደቱን በግራም ለዚያ አካፍሉ። ለምሳሌ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ 3 ካሬ ሜትር ነው። 1.2 ኪሎ ከመዘነ በካሬ ሜትር 400 ግራም ይሆናል።

ከ300 እስከ 400 ግራም ለአውቶቡስና ለአውሮፕላን፣ ከሌላ ነገር ጋር ለመደረብም ይሆናል። ከ400 እስከ 600 ግራም ያለው የደጋ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው። ከ600 በላይ የሆነው ለመኪናና ለበቅሎ ነው፤ በእግር የሚሄድ ሰው አይሞክረው። 2.2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ በካሬ 500 ግራም የሚመዝን ብርድ ልብስ 2.2 ኪሎ ነው። ከረጠበ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ አንድ 800 ግራም ከምትገዙ ሁለት 400 ግራም ግዙ። በሁለቱ መካከል ተጨማሪ አየር ይታሰራል። ካልበረዳችሁ አንዱን ትገፋላችሁ። ቢረጥብ ቀጭኑ ቶሎ ይደርቃል። ጓደኛ ረስቶ ቢመጣም አንዱን ትሰጡታላችሁ፤ ሁልጊዜ የሚረሳ አይጠፋምና።

ስፋቱን በተመለከተ ከቁመታችሁ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ እግር ሥር የሚታጠፍ ይኑረው። ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ ከላይ ብቻ ይሸፍናችኋል። መጠቅለል ከፈለጋችሁ 1.8 ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

6. የአገር ቤቱን ሥራ ከገዛችሁ

መንዝ ብርድ ልብስ ያወቀ አገር ነው። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ብርድ የለመደ፣ ጠጉሩ ሸካራ ነው። ከዚያ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመነው ባና የደገኛ ልብስ ነው፤ ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይተኛበታል። ዝተት ደግሞ ከዚያ ወፈር፣ ከበድ ይላል። ብዙዎቹ ቀለም አልተነከሩም፤ ጥቁሩ፣ ቡኒውና ነጩ የበጉ የራሱ መልክ ነው። ደብረ ብርሃን በፋብሪካ ብርድ ልብሷ ትታወቃለች፤ ባናና ዝተት ለማግኘት ግን ወደ መሐል ሜዳ በኩል ያሉት የመንዝ ገበያዎች ይሻላሉ። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ቡልኮ እንጂ ይህን ብዙ አታገኙም። ለጉዞው መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

የእጅ ሥራ ሲሆን የምታዩት ነገር ይለያል። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ጨርቁ በቁራጭ ተሠርቶ በስፌት ይገጠማል። ብርድ የሚገባው በስፌቱ ነው። መጋጠሚያውን በሁለት እጅ ለጠጥ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ክሩ ከላላ ወይም ቀዳዳ ከታየ «እናቴ፣ ይሄን ትንሽ አጠንክሩልኝ» ብትሉ አያስቀይምም፤ እዚያው መርፌ ወጥቶ ሲደገም ይታያል። ድሩ ጥጥ መሆን አለመሆኑንም በቀጥታ ጠይቁ። የሠራው ሰው ራሱ ከሆነ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ እውነቱን ይነግራችኋል፤ መሐል ላይ ያለው ነጋዴ ነው «ሁሉም ሱፍ» የሚለው።

ሽታው አያስደንግጣችሁ። የጠጉሩ የተፈጥሮ ቅባት ሙሉ በሙሉ ካልታጠበ በግ በግ ይላል፤ ውሃ የሚያባርረው ያ ቅባት ነው። ጥቂት ቀን አየር ላይ ስቀሉት። ጢስ ጢስ የሚለውም እንዲሁ ይለቃል። ግን አራግፉትና አቧራው ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ይመዘን። በአፈር ክብደት አትክፈሉ።

ጋቢና ቡልኮ የት ይግቡ? ሁለቱም ጥጥ ናቸው። ደረቅ ሌሊት ላይ ከሱፉ ሥር፣ ወደ ሰውነት በኩል ጋቢ መልበስ ድንቅ ነው። ከሱፉ በላይ አታድርጉት። ጤዛና ጭጋግ ቀድሞ የሚያገኘው ላይኛውን ነው፤ የረጠበ ጋቢ ደግሞ ጠዋት ድረስ አይደርቅም።

7. ውጭ አገር ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ

እናንተ እድለኞች ናችሁ፤ ክብሪት አያስፈልጋችሁም። አሜሪካም አውሮፓም ውስጥ የክር ዓይነቱን በመቶኛ መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው። ዳሩ ላይ የተሰፋበትን ትንሽ መለያ ጨርቅ ገልብጣችሁ አንብቡ። «ቨርጂን ውል» ከተባለ ካሁን በፊት ልብስ ሆኖ የማያውቅ አዲስ ሱፍ ነው። «ሪሳይክልድ ውል» ካሮጌ ልብስ የተገኘ ነው። «ውል ብሌንድ» ብሎ ቁጥሩን ከፊት ለፊት የማያሳይ ካጋጠማችሁ ትንሿን ጽሑፍ ፈልጉ፤ 20 በመቶ ሱፍ ሊሆን ይችላል። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የዉልማርክ ምልክት፣ ያ እንደ ተጠቀለለ ክር ኳስ ያለው ሥዕል፣ ካለበት በጥራት ፈተና ያለፈ ነው።

ከአዲስ ይልቅ የወታደር ትርፍ ዕቃ መሸጫዎችን እዩ። የጦር ሠራዊት ብርድ ልብስ ሸካራ፣ ጠበቅ ያለና እድሜው ረጅም ነው፤ ሱፉ ብዙ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ለዴንቨር ወይም ለሚኒሶታ ክረምት አንዱን መኪናው ኋላ ጣሉት። በረዶ ላይ መኪና ቆሞባችሁ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ የሚያሞቅ ነገር ሞተሩ ብቻ መሆን የለበትም።

8. ከሥር የሚነጠፈውን አስቀድሙ

የተሻለውን ብርድ ልብስ ገዝቶ ባዶ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያነጋል። ሰውነታችሁ ከሥር ያለውን ሱፍ ሲጫነው አየሩ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሙቀታችሁን ዝም ብሎ ይመጥጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸራ ወይም ላስቲክ ለእርጥበቱ፤ በላዩ ስፖንጅ ምንጣፍ። እሱ ከሌለ አጎዛ። ደገኛ አጎዛ ላይ የሚቀመጠውና የሚተኛው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠጉሩ ከቆዳው ጋር ስለሆነ ሲጫኑትም ቶሎ አይሞትም። ጀንዲም (የለፋ የከብት ቆዳ) ካለ እርጥበቱን ያግዳል። ገጠር ቤት ከሆናችሁ ጭድ ጠይቁ። ፓርክ ውስጥ ግን ሣር አትጨዱ።

አጠቃለሉ እንዲህ ነው። ብርድ ልብሱን ዘርጉትና ከአንዱ ዳር ሲሦውን ትታችሁ ተኙ። አጭሩን ወገን በላያችሁ አምጥታችሁ ከጎናችሁ ሥር ወትፉት። ረጅሙን በላዩ አልፋችሁ በሌላው ጎን ወትፉ። ሁለት እግራችሁን አንድ ላይ አንሱና ትርፉን ከተረከዛችሁ ሥር እጠፉት። ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ብትይዙት ስትገላበጡ አይከፈትም። ጭንቅላታችሁን አትሸፍኑ። ትንፋሻችሁ ሱፉን ያረጥበዋል፤ ንጋት ላይ ብርዱ ሲጠና የሚቀዘቅዘው ያ ነው። የሹራብ ኮፍያ አድርጉና አፍንጫችሁን ውጭ ተዉት።

በኪራይ ብርድ ልብስ ከተጠቀማችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ስፌቱንና ማዕዘኑን በባትሪ እዩ፤ ቁንጫና ትኋን እዚያ ነው የሚደበቁት። ወደ ቤት ስትመለሱም ሻንጣችሁን ደጅ ፍቱት።

9. አያያዝና አጠባ

ጉዞ ላይ በየጠዋቱ አራግፉት፤ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ይምታው። ሌሊት የሳበውን እርጥበት ሳያወጣ ከተጠቀለለ ማታ ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እሳት ላይ አታድርቁት።

እጥበት ብዙ አይወድም። በዓመት አንዴ ይበቃዋል፤ በመሐሉ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ስታጥቡት ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ። ደረቁን የልብስ ሳሙናና ዱቄቱን ተዉት፤ ለሱፍ ይበረታሉ። ሱፍ ፀጉር ነውና የፀጉር ሻምፖ ይስማማዋል። ዘፍዝፉት፣ በእጅ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ማሸት፣ መደብደብ፣ መጠምዘዝ አይሆንም። ሙቅ ውሃና እሽት ሲገናኙ ጠጉሮቹ ተያይዘው ብርድ ልብሱ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ ደግሞ አይመለስም። ውሃውን በፎጣ ጠቅልላችሁ አስወጡ። በገመድ ላይ አንጠልጥላችሁ አትተዉት፤ በክብደቱ ይለጠጣል። ጥላ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉት።

የሱፍ ጠላት ብል ነው። የሚበላው የሚበርረው ሳይሆን ትሉ ነው፤ እሱም የላብና የምግብ ጠረን ያለበትን ይመርጣል። ስለዚህ ሳታጸዱ አታስቀምጡ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በደንብ በሚዘጋ ከረጢት ወይም ሳጥን ውስጥ አስገቡት። በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥታችሁ አራግፉት፤ ብል ጨለማና ጸጥታ ነው የሚወደው። ጥርጣሬ ከገባችሁና ብርድ ልብሱ ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ የሚገባ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት፤ ትሉም እንቁላሉም ይሞታሉ። ትንሽ ቀዳዳ ካገኛችሁ ወዲያው በሱፍ ክር ጥቀሙት። በጥጥ ክር አትስፉት፤ ሱፉ ሲሳብ ጥጡ አብሮት አይሄድምና ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል።